ነፃነትና አንድነት በኔሬሬ ሚዛን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ታንዛኒያው መሪ ስለ ጁሊየስ ኔሬሬ ሦስት አንባቢያን የላኩልንን ደብዳቤዎች በዚህ ዕትም አንድ ላይ እንመልሳለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ኔሬሬ ባስተማርኩ ቁጥር ተማሪዎቼ የሚያነሡት ጥያቄ ያስቸግረኛል። የአገራቸውን መፈክር "ነፃነትና አንድነት" ያሉና ታንጋኒካን ከዛንዚባር ጋር አዋሕደው ታንዛኒያን የመሠረቱ ሰው፣ ከናይጄሪያ ለመገንጠል ለተነሣችው ለቢያፍራ ከአፍሪካ መንግሥታት ሁሉ ቀድመው ዕውቅና የሰጡት ለምንድን ነው? ስለ ሰው ክብር ያን ያህል የጻፉ ሰውስ ሰውን ያለ ፍርድ ማሰር የሚፈቅድ ሕግ እንዴት ሊያወጡ ቻሉ? ወጥ የሆነ አስተሳሰብ ነበራቸው ወይስ እንደ ጊዜው ይናገሩ ነበር?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ተማሪዎችዎ የኔሬሬን አስተሳሰብ ከሥሩ የሚነካ ነገር ስላነሡ መልሱን ሰፋ ለማድረግ እገደዳለሁ። በእኔ አመለካከት ኔሬሬ ወጥ የሆነ አስተሳሰብ ነበራቸው፤ ሁለቱ ቃላት ግን በእርሳቸው ዘንድ እኩል አይመዝኑም ነበር። የሚፈለገው ነፃነት ነው፤ አንድነት የሚፈለገው ነፃነትን ለማግኘትና ካገኙትም በኋላ ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ ሰዎች ወደውና አምነው ያልገቡበት፣ ወይም ከገቡበት በኋላ ሕይወታቸውን የሚያሳጣቸው አንድነት በእርሳቸው ሚዛን ክብደት አልነበረውም። ለቢያፍራ የሰጡት ዕውቅና ከዚህ እምነት በቀጥታ የሚፈልቅ ሲሆን ያለ ፍርድ የማሰሩ ሕግ ደግሞ ከዚሁ እምነት ጋር የሚጣላ ነው፤ ለሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት መልስ ልሰጥዎ የማልችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ አስተሳሰብ የተቀረጸው በቅኝ አገዛዝ ዘመን፣ በትግሉ ውስጥ ነው። ታንጋኒካ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመን ተወስዳ ለብሪታንያ የተሰጠች፣ ኋላም በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሞግዚትነት ሥር የዋለች ግዛት ነበረች። ኔሬሬ በማኬሬሬና በኤዲንብራ ተምረው ሲመለሱ በፑጉ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው የተጠሩበት "ምዋሊሙ" ማለትም "መምህር" የሚለው ስም የቀረላቸው ከዚሁ ሥራ ነው። በ1954 ከጓደኞቻቸው ጋር ታኑ የተባለውን ፓርቲ መሠረቱ፤ በ1955 ኒውዮርክ ሄደው በሞግዚትነት ምክር ቤት ፊት ስለ አገራቸው ተናገሩ፤ በዚያው ዓመትም ከማስተማርና ከፖለቲካ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆንባቸው ማስተማሩን ተዉ።

የብሪታንያ አስተዳደር ለነፃነት ጥያቄው ያቀረበው ምላሽ አገሪቱን በዘር የሚከፍል የምርጫ ሥርዓት ነበር። እያንዳንዱ የምርጫ ክልል አንድ አፍሪካዊ፣ አንድ አውሮፓዊና አንድ እስያዊ ተወካይ እንዲልክ፣ እያንዳንዱ መራጭም ለሦስቱም እንዲመርጥ ተደነገገ። ሚሊዮኖች የሆኑት አፍሪካውያን 20 ሺህ ገደማ ከነበሩት አውሮፓውያን ጋር እኩል መቀመጫ እንዲያገኙ ማለት ነው። በጥር 1958 ታኑ በታቦራ ሲሰበሰብ ብዙዎቹ ልዑካን ምርጫውን አንካፈልም የሚል አቋም ይዘው ነበር የመጡት፤ ቁጣቸውም የሚያስደንቅ አይደለም። ኔሬሬ ግን ሥርዓቱን እየጠሉም ቢሆን እንዲካፈሉበት፣ ከአውሮፓውያኑና ከእስያውያኑም መካከል የታኑን ዓላማ የሚደግፉ ዕጩዎችን እንዲመርጡ ተሟግተው አሳመኑ። በዘር ለመከፋፈል የተሠራው ሥርዓት የሦስቱም ወገን ዕጩዎች አንድ ዓላማ ይዘው የሚያሸንፉበት መድረክ ሆነና በ1958 እና በ1959 በሁለት ዙር በተካሄደው ምርጫ ታኑ የደገፋቸው ዕጩዎች ድል አደረጉ። በውሳኔው ያልተስማሙት ዙቤሪ ምቴምቩ ተለይተው "አፍሪካ ለአፍሪካውያን" የሚል ፓርቲ አቋቋሙ፤ በ1962 ለፕሬዚዳንትነት ከኔሬሬ ጋር ተወዳድረው ከመቶ 2 ያህሉን ድምፅ ብቻ አገኙ።

ተማሪዎችዎ ከታቦራው ስብሰባ ይልቅ በጥቅምት 1961 የተካሄደውን የዜግነት ክርክር ቢያውቁት ደግሞ እመርጣለሁ። ነፃነት ሊታወጅ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው አንዳንድ የምክር ቤት አባላት ዜግነት በቆዳ ቀለም እንዲወሰን፣ ለአውሮፓውያንና ለእስያውያን እንዳይሰጥ ጠየቁ። ኔሬሬ ጥያቄውን የራሳቸው ወገን ያነሣው ነው ብለው አላለፉትም። የታገልነው ሰውን በቀለሙ የሚለየውን አሠራር ነው፤ እኛ ራሳችን ከሠራነው በደቡብ አፍሪካ ካሉት ዘረኞችና ከሂትለር በምን እንለያለን ሲሉ ተከራከሩ፤ ሕጉ እንደ ቀረበ ካላለፈ መንግሥታቸው ሥልጣን እንደሚለቅም አስታወቁ። ሥልጣኑን ገና በእጃቸው ያላደላደሉ መሪ፣ ሕዝብ ሊያጨበጭብለት የሚችለውን ነገር ተቃውመው ወንበራቸውን አስያዙ። የኔሬሬ አንድነት የማን አንድነት እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ስለ ነፃነት ያላቸውን አሳብ በጠራ ሁኔታ ያስቀመጡት በ1968 "ኡሁሩ ና ማኤንዴሌዮ"፣ ማለትም "ነፃነትና ልማት"፣ በሚል ርእስ ባወጡት ጽሑፍ ነው። በዚያ ጽሑፍ ነፃነትን በሦስት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው የአገር ነፃነት ነው፤ ዜጎች ያለ ባዕድ ጣልቃ ገብነት የወደፊት ዕጣቸውን ራሳቸው እንዲወስኑ። ሁለተኛው ከረሃብ፣ ከበሽታና ከድህነት ነፃ መሆን ነው። ሦስተኛው የእያንዳንዱ ግለሰብ ነፃነት ነው፦ በክብርና በእኩልነት መኖር፣ ሐሳብን መናገር፣ ሕይወቱን በሚነኩ ውሳኔዎች መካፈል፣ ባለሥልጣን ስላስቀየመ ብቻ አለመታሰር። ልማትም የሰው ልማት እንጂ የዕቃ ልማት እንዳልሆነ፣ ሰውም ራሱን ያለማል እንጂ ሌላ ሊያለማው እንደማይችል በዚያው ጽሑፍ አስረግጠው ይናገራሉ። እነዚህን ነጥቦች በአእምሮ መያዝ ያስፈልጋል፤ ኔሬሬን ራሳቸውን የምንመዝንበት ሚዛን እዚህ አለና።

ወደ ቢያፍራ ልምጣ። በ1966 በሰሜን ናይጄሪያ ይኖሩ የነበሩ፣ የትውልድ አገራቸው ግን ምሥራቁ ክልል የሆነ ኢግቦ የተባሉ ሕዝቦች በገፍ ተገደሉ፤ የተረፉትም ንብረታቸውን ጥለው ወደ ምሥራቁ ክልል ሸሹ። በ1967 ምሥራቁ ክልል ቢያፍራ በሚል ስም ነፃነቱን አወጀና ጦርነት ተከፈተ። ታንዛኒያ በሚያዝያ 13 ቀን 1968 ዕውቅና ስትሰጥ የኔሬሬ ክርክር እንዲህ የሚል ነበር፦ መንግሥት የሚቆመው ለሰዎች ደኅንነት ነው፤ ሰዎች አገራቸው እንደማትጠብቃቸው፣ እንዲያውም እንዳባረረቻቸው በገሃድ ካዩ በኋላ የአንድነቱ መሠረት የሆነው ፈቃዳቸው ፈርሷል፤ የፈረሰውን ፈቃድ ደግሞ በመድፍ መመለስ አይቻልም። ይህን ያሉት ሰው ከአራት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ 1964 በካይሮ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባላት ነፃ ሲወጡ የነበራቸውን ወሰን እንዲያከብሩ ውሳኔ ያስጸደቁ ሰው ናቸው። ብዙዎች ይህን እንደ ተቃርኖ ቆጠሩባቸው። እኔ ግን ተቃርኖ አይታየኝም። የካይሮው ውሳኔ አንዱ መንግሥት በሌላው መሬት ላይ እንዳይነሣ የሚያግድ ስምምነት ነው፤ በወሰኑ ውስጥ ያለው ሕዝብ ምንም ቢደረግበት ዝም ይባል የሚል ቃል ግን የለውም።

ዕውቅናው ለቢያፍራ ድል አላመጣላትም፤ ታንዛኒያን የተከተሉትም ጋቦን፣ ኮትዲቯርና ዛምቢያ ብቻ ነበሩ፤ ከአፍሪካ ውጭ ደግሞ ሄይቲ። በጥር 1970 ቢያፍራ እጅ ሰጠች። ኔሬሬ የተሸነፈውን ወገን ደግፈው መገኘታቸው ፖለቲካዊ ኪሳራ ነበር። ኪሳራን አውቀው ሲገቡበት ግን ይህ የመጀመሪያቸው አልነበረም፤ በታኅሣሥ 1965 ብሪታንያ የሮዴሽያን (የዛሬዋን ዚምባብዌ) ነጭ አማፂያን ባለመግታቷ የዲፕሎማሲ ግንኙነት ሲያቋርጡ አገራቸው 7.5 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ቀርቶባታል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ከባዱ ነው፤ እኔም ላለሳልሰው አልፈልግም። በ1962 የወጣው ሕግ ፕሬዚዳንቱ ለአገር ደኅንነት ያሰጋል ያሉትን ሰው ያለ ክስና ያለ ፍርድ እንዲያስሩ፣ ፍርድ ቤትም ውሳኔያቸውን እንዳይመረምር ይፈቅዳል። ኔሬሬ ያቀረቡት ምክንያት አዲሲቱ አገር ጠንካራ ተቋማት ስለሌሏት ጥቂት ሰዎች ሊያፈርሷት ይችላሉ የሚል ነበር። በጥር 1964 የራሳቸው ጦር በዳሬሰላም ሲያምፅና አመፁን ለማብረድ ትናንት ከአገር የወጣውን የብሪታንያን ጦር ለመጥራት ሲገደዱ ሥጋታቸው ከባዶ እንዳልተነሣ ታየ። ይሁን እንጂ ከአመፁ በኋላ የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች ታሰሩ፤ ነፃ የነበረው የማኅበራቱ ፌዴሬሽንም ፈርሶ በፓርቲው ሥር የሆነ አንድ ማኅበር ተተካ። ማኅበራቱ አገሪቱ ነፃ ከመውጣቷ በፊት የታኑ የትግል ጓደኞች ነበሩ። በ1968 ባለሥልጣን ስላስቀየመ ማንም እንዳይታሰር የጻፉት እጅ ይህን ሕግ ሳይሽረው ቆየ። ሥጋቱ እውነተኛ ነበር ማለት አንድ ነገር ነው፤ ያለ ዳኛ የሚሠራ ሥልጣን ለአንድ ሰው መስጠት ሌላ ነገር ነው። ሕጉ በኔሬሬ እጅ ልከኛ ሆኖ ቢሠራበት እንኳ ከእርሳቸው በኋላ በማን እጅ እንደሚገባ ሊያውቁ አይችሉም ነበር።

የአንድ ፓርቲ ሥርዓቱን በተመለከተ ነገሩ የበለጠ ውስብስብ ነው። ኔሬሬ የእንግሊዝ ሁለት ፓርቲዎች የቆሙት በመደብ ልዩነት ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ልዩነት በሌለበት አገር ሁሉን የሚያቅፍ አንድ ፓርቲ ውስጥ በነፃነት መከራከር ይበልጥ ዴሞክራሲያዊ ነው ይሉ ነበር። ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው እስኪስማሙ ይነጋገራሉ የሚለውንም ልማድ ለምሳሌ ይጠቅሱ ነበር። በ1965 ምርጫ በአብዛኛው ክልል ሁለት የታኑ ዕጩዎች፣ አንዱ በዶማ አንዱ በቤት ምልክት ሆነው ተወዳደሩና መራጩ ሚኒስትሮችን ሳይቀር ከወንበር አወረደ። ይህን ማድረግ የቻለ የአንድ ፓርቲ ምርጫ በዚያ ዘመን ጥቂት ነው። ጉድለቱ ያለው ከፓርቲው ውጭ ቆሞ የሚናገር ሰው መግቢያ ማጣቱ ላይ ነው፤ ተቃውሞውን የሚያሰማበት በር ፓርቲው የሚከፍተውና የሚዘጋው በር ብቻ ነበርና። ሰው ራሱን ያለማል ያሉት መሪ በ1973 ገጠሬው ሁሉ ተሰባስቦ በመንደር እንዲኖር ትእዛዝ ሲሰጡ፣ ሚሊዮኖችም ወደውና ተገደው ሲንቀሳቀሱ፣ አይሆንም የሚል የተደራጀ ድምፅ በአገሪቱ አልነበረም። እኔ በግሌ ከእስሩ ሕግ ይልቅ ይህን የመንደር ምሥረታ ትልቁ ስሕተታቸው አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ የነካው ሕዝብ ብዛት እጅግ የላቀ ነውና።

ለኔሬሬ ክብር የሚሰጠው ግን ፍጻሜው ነው። በ1985 ሥልጣን በፈቃዳቸው ለቀቁ፤ ከ1990 ጀምሮም የአንድ ፓርቲ ሥርዓት ለክርክር መቅረብ አለበት ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ዋና ዳኛው ፍራንሲስ ኒያላሊ የመሩት ኮሚሽን የሕዝቡን አስተያየት ሲሰበስብ ከመቶ 80 ያህሉ የአንድ ፓርቲ ሥርዓት ይቀጥል አለ፤ ኮሚሽኑም ኔሬሬም የ20ውን ወገን ደገፉ፤ በ1992 ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ። ኮሚሽኑ መብት ይጋፋሉ ካላቸው 40 ሕጎች ዝርዝር ውስጥም የ1962ቱ ሕግ ይገኝበት ነበር።

ጥያቄ፦ የዛንዚባር ሕዝብ ስለ ውሕደቱ ተጠይቆ ነበርን? ካልተጠየቀ "የሕዝብ ፈቃድ" የሚለው ንግግር ምን ትርጉም ይኖረዋል?

መልስ፦ አልተጠየቀም። በጥር 12 ቀን 1964 በዛንዚባር አብዮት ተነሣ፤ ሱልጣኑ ሸሹ፤ አቤይድ ካሩሜ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በሚያዝያ 22 ቀን ኔሬሬና ካሩሜ የውሕደቱን ውል ፈረሙ፤ በአራተኛው ቀን ሥራ ላይ ዋለ። ደሴቶቹ የኃያላን መፎካከሪያ ይሆናሉ የሚለው ፍርሃት ውሳኔውን ማፋጠኑ አይካድም። የሁለት መሪዎች ፊርማ የሕዝብን ድምፅ ሊተካ ስለማይችል፣ በኔሬሬ በራሳቸው ሚዛን ብንለካው ውሉ ጎደሎ ነው።

ይሁን እንጂ የውሕደቱን አሠራር ልብ ብለው ይዩት። ወደ 300 ሺህ የሚጠጋው የዛንዚባር ሕዝብ ወደ 10 ሚሊዮን ከሚጠጋው የታንጋኒካ ሕዝብ ጋር ሲቀላቀል የራሱን ፕሬዚዳንትና የራሱን መንግሥት እንደያዘ ነው፤ የራሷን መንግሥት ያጣችው ትልቋ ታንጋኒካ ናት። ኔሬሬ ይህን ያደረጉት ትንሿ በትልቋ እንዳትዋጥ ነው፤ በ1993 የፓርላማ አባላት የታንጋኒካ መንግሥት ተለይቶ ይቋቋም ሲሉም ጡረታ ላይ ሆነው አጥብቀው ተቃወሙ። ለጥያቄዎ ፍሬ ነገር ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ1968፣ ለቢያፍራ ዕውቅና በሰጡበት ወቅት፣ የተናገሩት ነው። የዛንዚባር ሕዝብ የውጭ እጅ ሳይገፋው፣ በራሱ ምክንያት፣ ውሕደቱ ለህልውናዬ አይበጅም ብሎ ቢወስን በቦምብ ደብድበን እናስገዛው አልልም አሉ። በሥልጣን ላይ ያለ መሪ ስለ ራሱ አገር እንዲህ ሲናገር መስማት ብርቅ ነው። ይህም ቢሆን ሕዝቡ በቅድሚያ ሊጠየቅ ይገባው የነበረውን ጥያቄ አይተካም፤ ዛንዚባራውያን የራሳቸውን ምክር ቤት የመረጡት እንኳ በ1980 ነው።

ጥያቄ፦ ኔሬሬ ከጋናው መሪ ከክዋሜ ንክሩማ ጋር በምን ተለያዩ? ሁለቱም የአፍሪካ አንድነት ደጋፊዎች አልነበሩምን?

መልስ፦ በግቡ አልተለያዩም፤ የተለያዩት በመንገዱ ነው። ንክሩማ አህጉሪቱ በአንድ የኅብረት መንግሥት ሥር ወዲያው እንድትገባ ይሹ ነበር፤ አጎራባች አገሮች የሚመሠርቱትን ፌዴሬሽን ደግሞ ትልቁን አንድነት የሚያዘገይ እንቅፋት አድርገው ያዩት ነበር። ኔሬሬ በበኩላቸው ከቅርብ ጎረቤት ይጀመር፤ እያንዳንዱ እርምጃ ለሚቀጥለው መሠረት ይሁን የሚሉ ነበሩ። በ1964 በካይሮው ጉባኤ ንክሩማን በግልጽና በጠንካራ ቃል ተቹ፤ በመካከላቸው ያለው መቃቃርም በአደባባይ ታየ።

ኔሬሬ በቃል ብቻ የሚሟገቱ እንዳልነበሩ የሚያሳየው በሰኔ 1960 በአዲስ አበባ የነፃ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ላይ ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ኬንያና ኡጋንዳ ከታንጋኒካ ጋር በአንድነት ነፃ ወጥተው ፌዴሬሽን የሚመሠርቱ ከሆነ የታንጋኒካ ነፃነት ለጥቂት ወራት ቢዘገይ ፈቃደኛ ነኝ አሉ። ለነፃነት የታገለ ሰው ነፃነትን ለማዘግየት ሲስማማ መስማት ግራ ሊያጋባ ይችላል፤ ምክንያታቸው ግን ግልጽ ነው። እያንዳንዱ አገር ለየብቻው ባንዲራውን ከሰቀለ፣ ሚኒስትሮቹን ከሾመና አምባሳደሮቹን ከላከ በኋላ ያንን ሁሉ መልሶ እንዲያስረክብ ማግባባት እጅግ ይከብዳል ብለው ያምኑ ነበር። የሚጠብቋቸው ሁለቱ አገሮች ጊዜያቸው አልደረሰም ነበርና ታንጋኒካ በታኅሣሥ 9 ቀን 1961 ብቻዋን ነፃ ወጣች፤ ኡጋንዳ በጥቅምት 1962፣ ኬንያ በታኅሣሥ 1963 ተከተሉ። በሰኔ 1963 ኔሬሬ፣ የኬንያው ጆሞ ኬንያታና የኡጋንዳው ሚልተን ኦቦቴ በናይሮቢ ተገናኝተው በዓመቱ መጨረሻ እንዋሐዳለን ሲሉ ፈረሙ፤ ሳይዋሐዱ ቀሩ። በ1967 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብም በ1977 ፈረሰ።

በመጋቢት 1997 ጋና የነፃነቷን 40ኛ ዓመት ስታከብር ኔሬሬ በክብር እንግድነት አክራ ተገኙ፤ ዕድሜያቸው 74 ነበር። በ1966 በመፈንቅለ መንግሥት የወረዱት ንክሩማ ከሞቱ 25 ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ኔሬሬ በዚያ መድረክ በሕይወት ሳሉ የተከራከሯቸውን ሰው የአንድነት ታላቁ ታጋይ ሲሉ አመሰገኑ፤ የእርሳቸው ትውልድ ለነፃነት ያሳየውን ጽናት ለአንድነት እንዳላሳየ አመኑ፤ ለምን እንዳልተሳካም ሲያስረዱ ብሔራዊ መዝሙሮች፣ ባንዲራዎች፣ ፓስፖርቶችና የተባበሩት መንግሥታት ወንበሮች ከበዙ በኋላ፣ 21 ጊዜ መድፍ የሚተኮስላቸው ሰዎችና የሚኒስትሮች ሠራዊት ከተፈጠረ በኋላ፣ አፍሪካ እንደተከፋፈለች ብትቀር የሚጠቀሙ ኃይለኞች እንደሚበዙ ተናገሩ። ከ37 ዓመት በፊት በአዲስ አበባ፣ ከእነዚያ ባንዲራዎች ብዙዎቹ ገና ሳይሰቀሉ፣ የፈሩት ይህንኑ ነበር።